ኮሚኒኬሽን ኮርሱን በኤ ጨርሼ አንድ ሬዲዮ መሥራት አቃተኝ፤ ከየት ልጀምር?

ዳሞት_ሽቦ
ሰላም ለቤቱ። የምጽፈው ከፍኖተ ሰላም ነው። ኤሌክትሪካል ተመርቄ አሁን ቴክኒክና ሙያ አስተምራለሁ። ግቢ እያለን ሞዱሌሽኑን፣ ፊልተሩን፣ ሱፐርሄትሮዳይኑን ሁሉ ጠጥተነዋል፤ ኮርሱንም ኤ ነው ያገኘሁት። ላብ ውስጥ ግን ለአንድ ኦሲሎስኮፕ (ሲግናልን በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) አሥራ ምናምን ሰው ስለነበርን እኔ ሲግናል ያየሁት በሰው ትከሻ ላይ ተንጠራርቼ ነው።

ባለፈው አንድ ተማሪዬ "ቲቸር፣ ሬዲዮ እንሥራ" አለኝ። እምቢ ማለት አፈርኩና እሺ አልኩ። ቪዲዮ አይቼ ባለ አንድ ትራንዚስተር የኤፍኤም ማሰራጫ ብሬድቦርድ (ሳይበየድ ዕቃ የሚሰካበት ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ) ላይ ሰካካሁ። ስክሪብቶ ላይ የተጠመጠመ 5 ዙር ኮይል፣ ትንሽዬ ትሪመር (በመፍቻ የሚስተካከል ካፓሲተር)፣ ባለ 9 ቮልት ባትሪ። የስልኬን ኤፍኤም ከፍቼ ከ88 እስከ 108 ሳስስ አንድ ቦታ ላይ ሹሹታው ዝም አለ። ደስ ብሎኝ እጄን ሳነሳ ጠፋ። እጄን ስመልስ ሌላ ቦታ ላይ መጣ። ሽቦ ስነካ ይሸሻል፣ ወንበር ስስብ ይሸሻል፣ በመጨረሻ ጭራሽ ጭጭ አለ። ተማሪዬ አየት አድርጎኝ "ነገ እንሞክረዋለን ቲቸር" አለኝ። እያጽናናኝ እኮ ነው!

ጥያቄዬ፦ ወረቀት ላይ የማውቀውን በእጄ እንዴት ልማረው? ኦሲሎስኮፕ የለኝም። ያለኝ ቴስተር፣ ሶልደሪንግ እና ትዕግሥት ነው። ትዕግሥቱም እያለቀ ነው።

ቀልደኛው_ቡሬ
ወንድሜ በስልክህ ኤፍኤም ከሰማህ ስልክህ ሬዲዮ ነው ማለት ነው። ሥራው አለቀ። ቀጣይ ጥያቄ?

ባለ_ሁለት_ድንጋይ
የቡሬው፣ አንተ በርበሬህን ሽጥ።

ልጄ ዳሞት፣ እኔ ማርቆስ ከተማ ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን ነው ፀጉሬ የሸበተው። ኮርስ የሚባል አልወሰድኩም፣ ስሳሳት የተማሩት ያርሙኝ።

መጀመሪያ ማሰራጫውን ተወው። ማሰራጫ ሲበላሽ ምን እንደሆነ አይነግርህም። መቀበያ ግን ይናገራል፤ ኦሲሎስኮፑ ጆሮህ ነው። ካጉረመረመ ነገሩ ያለው ፓወሩ ላይ ነው። ካፏጨ የሆነ ትራንዚስተር ሳይታዘዝ ኦሲሌት እያደረገ፣ ማለት በራሱ ሲግናል እያመነጨ ነው። ስትነካው የሚንቋቋ ከሆነ ብየዳህ አልያዘም። ጭጭ ካለ ባትሪውን ገልብጠኸዋል። (ሁሉም "አልገለበጥኩም" ይለኛል። ገልብጦታል።)

ያቺን ቀዳዳ በቀዳዳ ሰሌዳ ደግሞ ለአምፖል ማብሪያ አስቀምጣት።

ዕቃ ለመግዛትም አትሩጥ። ከቁራሌው ላይ የሞተች ሬዲዮ ፈልግ፤ ባለ መርፌ መቃኛዋን፣ አሮጌዋን። አዲሶቹ ሆዳቸው ሲከፈት አንዲት ጥቁር ጠብታ ብቻ ነው የምታገኘው፣ ከሱ የምትማረው ነገር የለም። አሮጌዋ ውስጥ ጥቁር የፌራይት ዘንግ ላይ የተጠመጠመ ኮይል አለ፣ መቃኛ ካፓሲተር አለ፣ ከዚያ አናታቸው ቀለም የተቀባ ትናንሽ የብረት ሣጥኖች አሉ። ቀዩ የኦሲሌተሩ ነው። ቢጫው፣ ነጩና ጥቁሩ 455 ኪሎኸርዝ ላይ የተቃኙት አይኤፎች ናቸው፤ የትኛውም ጣቢያ ወደዚህ መካከለኛ ፍሪኩዌንሲ ተቀይሮ ነው በነሱ የሚያልፈው። ከጥቁሩ አጠገብ አንዲት የብርጭቆ ዳዮድ ትኖራለች፤ ወደ ብርሃን አድርገህ ብታያት ውስጧ እንደ ሽፋሽፍት የቀጠነ ሽቦ ይታይሃል። ጀርማኒየም ናት። እሷን እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቃት፣ ስትነቅላትም እግሯን በፒንሳ ያዝላት፤ ሙቀት አትወድም።

ፖሊ_ማዶ
ከባሕር ዳር። ጋሼ ስለ ሰሌዳው ያሉት በቁጥር ሲሰላ ጉድ ነው።

የዳሞት ኮይል 0.1 ማይክሮሄንሪ ገደማ ነው እንበል፤ ካፓሲተሩ 25 ፒኮፋራድ። ያቺን የምናውቃትን የሬዞናንስ ቀመር (ኮይልና ካፓሲተር የሚያስተጋቡበትን ፍሪኩዌንሲ የምታወጣዋን) ስትሠራት 100.7 ሜጋኸርዝ ይወጣል። ብሬድቦርድ ግን ጎን ለጎን ባሉት ረድፎቹ መሃል ጥቂት ፒኮፋራድ በነፃ ይመርቅልሃል። 3 ብቻ ጨምርና ድጋሚ አስላው፤ 95 ላይ ነህ። እጅህም ካፓሲተር ነው፣ ወንበሩን ስትስብ የተጠጋው ሰውነትህም እንደዚያው። ሰርኪቱ አልዋሸህም፣ አንተን ጨምሮ ነው የቆጠረው።

ሽቦው ይብሳል። ቀጥ ያለ ቀጭን ሽቦ በሚሊሜትር ወደ 1 ናኖሄንሪ ኢንዳክታንስ አለው ብለህ ያዝ። 10 ሳንቲሜትር ጃምፐር ስትሰካ 100 ናኖሄንሪ ሰካህ ማለት ነው፣ ያ ደግሞ 0.1 ማይክሮሄንሪ ነው፣ ኮይልህን ያክላል! ሥዕሉ ላይ ያለው ኮይል አንድ ነው፣ ጠረጴዛህ ላይ ያሉት ስድስት ሰባት ናቸው። እኔም ይህን ያወቅኩት ስንት ሰርኪት ከጣልኩ በኋላ ነው።

አሁን ያችኑ 3 ፒኮፋራድ መካከለኛ ሞገድ ላይ ውሰዳት። 240 ማይክሮሄንሪ ከ100 ፒኮፋራድ ጋር 1027 ኪሎኸርዝ ይሰጣል። 3 ሲጨመርበት 1012። የሄደው 15 ኪሎኸርዝ ብቻ ነው፤ መቃኛውን በጥፍርህ ነካ ብታደርገው ይመለሳል። ከመካከለኛ ሞገድ ጀምር የምልህ ስህተትህን ስለሚችልልህ ነው።

በብሬድቦርዱ ፋንታ መዳብ የተለበጠ ባዶ ቦርድ ውሰድ። መዳቡ በሙሉ ግራውንድ ይሁን። ወደ ግራውንድ የሚሄደውን እግር እዚያው ፊቱ ላይ በይደው፣ የቀረውን በአየር ላይ እርስ በርስ አያይዘው፣ እግሩን አሳጥረህ። ሲያልቅ የወፍ ጎጆ ነው የሚመስለው። ግን ይሠራል።

የብቸና_ፊዚክስ
እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ያለ ባትሪ በዳዮድ ብቻ የምትሠራዋን ሬዲዮ ከልጆቹ ጋር ሠርተናት እናውቃለን። ኮይሉን እንዲህ ነው የምናደርገው፦ 5 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው የፕላስቲክ የውሃ ቱቦ፣ ግማሽ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ (ሞተር የሚጠመጥሙ ሰዎች ጋ ትርፍራፊ አይጠፋም)፣ 120 ዙር፣ ሳይደራረብ ጎን ለጎን። ወደ 430 ማይክሮሄንሪ ይመጣል። የትንሿ ሬዲዮ የፕላስቲክ መቃኛ ሁለት ክፍል አለው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ስታያይዛቸው 200 ፒኮፋራድ አካባቢ ታገኛለህ፣ በዚያ ከ540 ኪሎኸርዝ ትነሳለህ።

ስትጠመጥም በየአሥሩ ዙር ቱቦው ላይ ምልክት አድርግ። ይህን የምልህ 73 ላይ ስትደርስ አንድ ሰው መጥቶ "ሻይ እንጠጣ?" ስለሚልህ ነው። ሁልጊዜ 73 ላይ።

ደግሞ ሽቦውን ፋቀው! ጥርት ያለ መዳብ ይመስላል እንጂ ቫርኒሽ ለብሷል። ጫፉን በምላጭ ካልፋቅከው ሊዱ ላዩ ላይ ጠብታ ሠርቶ ይቀመጣል፣ የተበየደ ይመስላል፣ ግን አልተገናኘም። የልጆቹ ሬዲዮ እምቢ ሲል መጀመሪያ የማየው እዚህ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ሌላ ቦታ ማየት አያስፈልገኝም።

ዳሞት_ሽቦ
ጋሼ፣ መምህርት፣ ፖሊ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ሽቦው 100 ናኖሄንሪ ሳነብ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ቀመሩን ፈተና ላይ ስንት ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ ሽቦ ራሱ ኮይል ነው ብዬ ግን አንድም ቀን አላሰብኩም። ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ሬዲዮ እፈልጋለሁ።

ፖሊ_ማዶ
ዳሞት፣ ሳልረሳው። ማሰራጫ መሥራት ሲያምርህ ሕጉንም እወቀው። ፍሪኩዌንሲ የሕዝብ ሀብት ነው፤ የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። "ከክፍል አይወጣም" ብለህ ኤፍኤም ላይ የለቀቅከው ነገር የጎረቤት ሬዲዮ ላይ ሊገባ ይችላል። በወጉ መላክ የሚፈልግ ሰው መንገዱ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ነው፤ አዲስ አበባ አምስት ኪሎ ኢቲ3ኤኤ የሚል መጠሪያ ያለው የክለብ ጣቢያ አለ። እስከዚያው ማሰራጫህን በአንቴና ፋንታ 50 ኦም ሬዚስተር ላይ ፈትነው። ሁለት ባለ 100 ኦም ጎን ለጎን አያይዝ፣ በቃ። ሽቦ የተጠመጠመበትን ዓይነት ሬዚስተር ብቻ አታድርግ፤ እሱም ኮይል ነው።

ቀልደኛው_ቡሬ
እዚህ ቤት ኮይል ያልሆነ ነገር አለ?

ዳሞት_ሽቦ (ከአንድ ሳምንት በኋላ)
ተመለስኩ። ሬዲዮዋን አገኘኋት፤ ሻጩ "ትሠራለች" ብሎ ማለልኝ፣ እኔም የማትሠራውን ነው የምፈልገው ስለው እብድ ነው ያለኝ። ቱቦ ጠምጥሜ (73 ላይ ባለቤቴ ጠራችኝ፣ እውነቴን ነው)፣ 20 ሜትር ሽቦ ከቆርቆሮው ጫፍ እስከ ባሕር ዛፉ ዘርግቼ፣ ለግራውንድ ጓሮ ውስጥ ብረት ቀብሬ ውሃ አጠጣሁት። ሽቦውንም ፍቄያለሁ። በቴስተር ሁሉም ተገናኝቷል።

ምንም የለም። ጭጭ። የጀርማኒየሟን እግር ስነቅል ስለሰበርኩት በሷ ቦታ ከሞተ ቻርጀር ያወጣሁትን ዋን ኤን 4007 ዳዮድ ነው ያስገባሁት። ማዳመጫው የስልኬ ነው። ባትሪ የላትማ፣ ጋሼ፣ ገለበጥከው እንዳይሉኝ!

ባለ_ሁለት_ድንጋይ
እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቃት አላልኩህም?

ፖሊ_ማዶ
ዳዮዱም ማዳመጫውም ላይ ተሳስተሃል። 4007 ሲሊከን ነው፤ ለመክፈት ከ0.6 እስከ 0.7 ቮልት ይፈልጋል። ጀርማኒየም ግን ከ0.2 እስከ 0.3 ላይ ይከፈትልሃል። አንቴናህ የሚያመጣልህ ሲግናል ትንሽዬ ነው፣ የ4007 በር ላይ ቆሞ ነው የሚያድረው። በዚያ ላይ 4007 የመብራት ኃይል ለማስተካከል የተሠራ ወፍራም ዳዮድ ስለሆነ የራሱ ካፓሲታንስ ሬዲዮ ሞገዱን ያሳልፍበታል። ጀርማኒየም ካጣህ ሾትኪ ዳዮድ ፈልግ፤ ለሲግናል የሚሆነውን ትንሹን።

የስልክ ማዳመጫ ደግሞ 32 ኦም ገደማ ነው፤ ኮይሉን ዝም ያሰኘዋል። ወይ የፒዞ ማዳመጫ፣ ወይ ደግሞ በኤልኤም 386 ማጉያ ሥራና በ9 ቮልት ባትሪ አስነሳው። ባትሪ ነው ያልኩት፣ ቻርጀር አይደለም።

የብቸና_ፊዚክስ
ፒዞ ያልከው፣ የዘፈን ካርድ ውስጥ ያለችው ክብ ናስም ትሆናለች። ደግሞ ዳሞት፣ በማታ ሞክር። ቀን ቀን የታችኛው የአየር ንብርብር ፀሐይ ስለሚመታው መካከለኛውን ሞገድ ውጦ ያስቀረዋል፤ ሲመሽ ያ ንብርብር ይጠፋና ሞገዱ ከላይኛው ላይ ነጥሮ ከሩቅ ይመጣል።

ዳሞት_ሽቦ
ይህን የምጽፈው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፎ ነው።

ሾትኪዋን ከባሕር ዳር አስመጣሁ። 386ቱን እላዩ ላይ በየድኩ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ከፈትኩት፤ የሚሰማኝ ዝዝዝዝ ብቻ። መቃኛውን ባዞር ያው ዝዝዝ። ሰፈሩ ሁሉ የሚጮኽብኝ ነው የመሰለኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ ብየዳ ፈትሼ ተስፋ ቆርጬ ልተኛ ስል መብራት ሄደ።

ዝዝዙም አብሮ ሄደ። ልክ ሰው አፉን እንደዘጋ። ባትሪው ስላለ ሰርኪቱ እየሠራ ነው፤ በጨለማ መቃኛውን በቀስታ ሳዞረው ከታች በኩል አንድ ሰው ዐረብኛ ያወራል። ይርቃል፣ ይመጣል፣ ይርቃል። ትንሽ ወደ ላይ ስል ደግሞ ከበሮ አለ። ዐረብኛ አልችልም፣ ግን እስኪጨርስ ሰማሁት። ባለቤቴ "ምን ይላል?" ስትለኝ "እኔ ነኝ የሠራሁት" አልኳት። መልሱ ባይሆንም።

መብራት ሲመጣ ዝዝዝዙም መጣ።

ፖሊ_ማዶ
ዝዝዙ የስልክ ቻርጀርና የኤልኢዲ አምፖል ነው። ውስጣቸው ያለው ፓወር በሺህ የሚቆጠር ጊዜ በሰከንድ እየበራ እየጠፋ ነው የሚሠራው፣ ፍንጣሪው በቤቱ ሽቦ ሁሉ ይሄዳል። ትንሽ ሬዲዮ ይዘህ ቤት ውስጥ ዙር፤ የትኛው ቻርጀር እንደሆነ ይነግርሃል። እንኳን ደስ ያለህ ግን!

ባለ_ሁለት_ድንጋይ
ዐረብኛውን ተወው፣ ጎበዝ። ድሮ እኛ ፋናን 6110፣ የአማራ ሬዲዮን 6090 ላይ የምንሰማው ሰው ሁሉ ኩራዝ ስለሚያበራ ነበር እንዲያ ጥርት ብሎ የሚመጣው። አሁን ሬዲዮ አምጥተው "ጣቢያ አይስብም" ይሉኛል። ሬዲዮው ምንም አልሆነም፣ ቤታችሁ ነው የሚጮኸው እላቸዋለሁ። አያምኑኝም፤ ሌላ ጠጋኝ ጋ ይሄዳሉ።

ቀጣዩ ትራንዚስተር ነው። አንዲት ብቻ። የወጣውን ሲግናል ወደገባበት ትንሽ መልሶ የሚያቀብል ኮይል ጨምር፣ ትልቁ ኮይል ጎን አሥር አሥራ አምስት ዙር ይበቃል። ስሙን ፖሊ ይንገርህ።

ፖሊ_ማዶ
ሪጀነሬቲቭ ይባላል። አርምስትሮንግ የሚባል አሜሪካዊ ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እያለ ነው የደረሰበት፤ ፓተንቱን እ.ኤ.አ. በ1914 አገኘ። የምንማረው ሱፐርሄትሮዳይንም (1918) ኤፍኤምም የሱ ናቸው። ትራንዚስተሩ ቢሲ 547 ወይም ቱ ኤን 2222 ይሁን፣ ለመካከለኛ ሞገድ ይተርፋሉ። የምትመልሰውን መጠን በፖቴንሾሜትር (እየዞረ በሚስተካከል ሬዚስተር) ተቆጣጠር። ኦሲሌት ሊያደርግ አፋፍ ላይ ሲደርስ ነው ጆሮው የሚከፈተው፤ አንዲት ፀጉር ካለፍክ ያፏጫል።

ዳሞት_ሽቦ (ከአሥር ቀን በኋላ)
አላፏጭ አለኝ! ፖቴንሾሜትሩን እስከ ጥግ ባዞርም ወይ ፍንክች።

የብቸና_ፊዚክስ
የትንሿን ኮይል ሁለት ጫፍ ቦታ አቀያይረው። ዙሩ በተቃራኒ ከሆነ የሚመለሰው ሲግናል ያዳክመዋል እንጂ አያበረታውም።

ዳሞት_ሽቦ
አቀያየርኩት። ጆሮዬን ቀደደው።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ትናንት ማታ እየቃኘሁ ሳለ ጎረቤቴ እትዬ በአጥሩ በኩል ተጣሩ፦ "ልጄ፣ ያንተም ሬዲዮ እንዲህ ይዋይ ይላል? የኔውስ ጂኒ ገብቶበታል።" መቃኛዬን ትንሽ ሳዞር "ኧረ አሁን ደግሞ ቀጠነ!" አሉ። እኔው ነኝ። ይቅርታ ጠይቄ አጠፋሁት፤ ግን እውነቱን ለመናገር ኦሲሌተሬ እንደሚሠራ የመሰከረልኝ የመጀመሪያው መሣሪያ የእትዬ ሬዲዮ ነው።

ፖሊ_ማዶ
ሃሃ። አፋፉን አልፈህ ስታፏጭ አንቴናህ ማሰራጫ ይሆናል፤ በአንቴናውና በኮይሉ መሃል አንድ ትራንዚስተር ማስገባት ይህን ይቀንሰዋል። ግን ትክክለኛውን ነገር ነው ያገኘኸው። ሬዲዮ ራሱ የመለኪያ መሣሪያ ነው። ባለ መርፌ ሱፐርሄት 800 ኪሎኸርዝ ላይ ሲቃኝ ውስጡ ያለው ኦሲሌተር 455 ጨምሮ 1255 ላይ ነው የሚሮጠው፤ ሌላ ሬዲዮ አጠገቡ አድርገህ 1255 ላይ ፈልገው፣ ታገኘዋለህ። ኤፍኤም ላይ ልዩነቱ 10.7 ሜጋኸርዝ ነው። አንዱን 90 ላይ አድርግ፣ ሌላውን 100.7 አካባቢ ቃኘው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሹሹታው ቀጥ ይላል። ሱፐርሄትሮዳይንን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ሥዕል እኔ አላየሁም።

መጠኑን ለመለካት ደግሞ አንዲት የሲግናል ዳዮድ፣ 10 ናኖፋራድ ካፓሲተርና አንድ ትልቅ ሬዚስተር ቴስተርህ ጫፍ ላይ አስር። ቴስተርህ ብቻውን በሜጋኸርዝ የሚወዛወዘውን ቮልት አያየውም፤ ዳዮዷ ወደ ዲሲ ቀይራ ታሳየዋለች። በኋላ ገንዘብ ሲኖርህ ናኖ ቪኤንኤ የሚሏትን ትንሽ መሣሪያ ግዛ፤ ኮይልህና አንቴናህ የት እንደሚያስተጋቡ ስክሪን ላይ ታሳይሃለች።

ባለ_ሁለት_ድንጋይ
አሁን አይግዛ። መጀመሪያ በጆሮው ይወቀው።

ፖሊ_ማዶ
በዚህ እንኳ አልስማማም ጋሼ። አይቶ መማርም መማር ነው። እኔ የራሴን ኮይል ስክሪን ላይ ሳየው ነው ቀመሩ ነፍስ የዘራልኝ።

ባለ_ሁለት_ድንጋይ
እሺ፣ ይግዛ። ግን ዳዮዷን እንደሰበራት ስክሪኑን እንዳይሰብረው።

ዳሞት_ሽቦ
ዛሬ ያን ተማሪዬን ቤት ድረስ ጠራሁት። አሳየዋለሁ ብዬ ነበር፣ እሱ ግን ራሴ ልሥራው አለ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ጠመጠመ፣ ፋቀ፣ በየደ። ሲያበራው አፏጨ፣ ፖቴንሾሜትሩን መልሶ አለዘበው፣ አንድ ጣቢያ ሊመጣ ሲል ጠፋበት። ደግሞ ሞከረ፣ ደግሞ ጠፋ። እኔ ጎንበስ ብዬ ኮይሉ ላይ እያየሁ ነበር። ቀና ብሎ "ቲቸር፣ እጅህን ከኮይሉ አርቅልኝ" አለኝ።

ቀጥሎ ወደ 49 ሜትር፣ 6 ሜጋኸርዝ አካባቢ ልንወጣ ነው። ዙሩን ስንት ላድርገው? አንቴናውንስ ላርዝመው?

ባለ_ሁለት_ድንጋይ
ዙሩን ፖሊ ያሰላልሃል። አንቴናውን እንኳን ልታረዝመው፣ አሁን ነው የምትነቅለው። ክረምቱ እየገባ ነው፣ እዚህ ማርቆስ ከጮቄ በኩል ጥቁር ደመና ሲመጣ እያየሁት ነው። 20 ሜትር ሽቦ ባሕር ዛፍ ላይ ሰቅሎ መብረቅ ስር የሚተኛ ሰው አለ? ሽቦውን ከቤት አውጣና ከብረቱ ጋር እሰረው።

ዳሞት_ሽቦ
ነቀልኩ ጋሼ። እያካፋ ነው የነቀልኩት።